ቀንበሩ ሲላላ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 1917 ዙሪክ ከተማ ውስጥ አንድ የ46 ዓመት ስደተኛ ለስዊዘርላንድ ወጣት ሠራተኞች ንግግር ያደርግ ነበር። የሚያወራው ከ12 ዓመት በፊት ሩሲያ ውስጥ ተነስቶ ስለከሸፈው አብዮት ነው። ሊጨርስ ሲል፣ እኛ በዕድሜ የገፋነው የሚመጣውን አብዮት ወሳኝ ፍልሚያ በሕይወት ላናይ እንችላለን አላቸው። ስድስት ሳምንት ያህል እንዳለፈ ፔትሮግራድ ላይ የዳቦ ወረፋ ያንገሸገሻቸው ሴት ሠራተኞች አደባባይ ወጡ። በሳምንቱ ዛር ኒኮላስ ዙፋኑን ለቀቀ። ተናጋሪው ስደተኛ ሌኒን ነበር።

ዕድሜውን ሙሉ አብዮት ሲያጠናና ሲደግስ የኖረ ሰው ይህን ካላየ ማን ሊያይ ነው? ደግሞ የሚገርመው ተቃራኒው ነው። ከመምጣቱ በፊት ባለሙያ እንኳ የማያየው ነገር፣ አንዴ ከመጣ በኋላ ለንደን ላይም ይሁን ፓሪስ፣ ፔትሮግራድ ላይም ይሁን አዲስ አበባ፣ በሚመሳሰል ጎዳና ይጓዛል። መጀመሪያ ደስታ፤ ቀጥሎ ለዘብተኞች፤ ከዚያ አክራሪዎች፤ ከዚያ ደም፤ ከዚያ ድካም፤ በመጨረሻ አንድ ብርቱ ሰው። ዛሬ ይህን ቅደም ተከተል የታሪክ ተማሪ ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። የተገኘው ግን ተቆራርጦ ነው። ወደ 150 ዓመት ፈጅቷል፤ ካገኙትም ሰዎች ዋነኛው ጥናቱን ሲጀምር የሚፈልገው ሌላ ነገር ነበር። (የፈረንጆቹን ታሪክ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛው እጽፋለሁ፤ አለዚያ የካቲትና ፌብሩዋሪ ይደበላለቁብናል።)

የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከአብዮት ጠላት ነው። ኤድመንድ በርክ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ነበር። በ1790 መገባደጃ የፈረንሳይን አብዮት የሚያወግዝ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ንጉሥ ገና ዙፋኑ ላይ ነው፤ ጊሎቲን ገና አንድም አንገት አልቆረጠም፤ አውሮፓ ውስጥ ብዙ የተማረ ሰው በፓሪስ ዜና ደስ ብሎታል። በርክ ግን ዓይኑን የጣለው ወታደሩ ላይ ነበር። ጦሩ ለማን እንደሚታዘዝ ግራ ገብቶት ጥቂት ይቆያል፤ በኋላ የወታደርን ልብ የሚያውቅ አንድ ተወዳጅ ጄኔራል ይነሳል፤ ያን ዕለት የጦሩ ጌታ የሁላችሁም ጌታ ይሆናል ሲል ለፈረንሳዮቹ ተነበየ። ናፖሊዮን ቦናፓርት ያኔ ስሙን የሚያውቅ የሌለ የ21 ዓመት መቶ አለቃ ነበር። ሥልጣን የያዘው በ1799 ሲሆን፣ በርክ ከሁለት ዓመት በፊት ሞቷል።

በርክ ነቢይ ስለሆነ አይመስለኝም። የአገሩን ታሪክ ያውቃል። በ1640ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ፓርላማው ከንጉሡ ጋር ተዋጋ፤ ለውጊያው ያቋቋመው ጦር ተመልሶ ፓርላማውን አበጠረው፤ ንጉሥ ቻርልስ በጃንዋሪ 1649 አንገቱ ተቀላ፤ አገሪቱ በጦር አዛዡ በክሮምዌል እጅ ወደቀች። የበርክ ግኝት፣ ግኝት ከተባለ፣ ሁለት አብዮት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየቱ ነው።

ሁለተኛው ፍንጭ የመጣው ከራሱ ከአብዮቱ ሆድ ውስጥ ነው። ለዘብተኛው የምክር ቤት አባል ፒየር ቬርኞ በማርች 1793 አብዮቱ ልጆቹን እየተራ እንዳይበላ እሰጋለሁ ብሎ ተናገረ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር እሱ ራሱ ተበላ። እኛ አገር አያት ቅድመ አያቶቻችን ያወረሱን ተረት እስኪመስል ድረስ «አብዮት ልጆቿን ትበላለች» የምንለው የዚህ ሰው ስጋት ነው። ነገር ግን ቬርኞ የተናገረው የሚሆነውን እንጂ ለምን እንደሚሆን አይደለም። ለምን የሚለውን ለመመለስ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ያስፈልግ ነበር።

አሌክሲ ደ ቶክቪል በ1805 የተወለደው ከአብዮቱ በተረፈ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ቅድመ አያቱ ማልዜርብ፣ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ለፍርድ ሲቀርብ ጠበቃ ሆኖ የቆመለት ሽማግሌ፣ በ1794 ከልጁና ከልጅ ልጁ ጋር ተገደለ። የቶክቪል አባትና እናትም ታስረው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። የአብዮቱ አክራሪ መሪ ሮብስፒየር በዚያው ክረምት ባይወድቅ ኖሮ ልጃቸው አይወለድም ነበር። አባትየው ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ ከእስር የወጣው ፀጉሩ ሸብቶ እንደሆነ ይነገራል።

ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ሰው አብዮትን ሲረግም ቢኖር ማን ይፈርድበታል? ቶክቪል ግን ሊገባው ፈለገ። በጃንዋሪ 1848 ፓርላማ ውስጥ ቆሞ፣ እሳተ ገሞራ ላይ ተኝተናል ብሎ አስጠነቀቀ። የመንግሥት ወገን የሆኑት ሳቁበት። በአራተኛው ሳምንት ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ አገር ጥሎ ሸሸ። በቀጣዩ ዓመት ቶክቪል ለጥቂት ወራት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። በዲሴምበር 1851 ደግሞ የናፖሊዮን ወንድም ልጅ ሉዊ ናፖሊዮን መፈንቅለ መንግሥት አድርጎ ምክር ቤቱን ሲበትን፣ ከታሰሩት እንደራሴዎች አንዱ እሱ ነበር። ቶሎ ተፈታ፤ የፖለቲካ ሕይወቱ ግን አበቃ። ከዚያ በፊትም ሳንባው ታሞ ደም መትፋት ጀምሮ ነበር።

በ1853 ክረምት መግቢያ፣ አየሩ ይስማማሃል ተብሎ፣ ከሚስቱ ጋር ሎዋር ወንዝ ዳር ቱር ከተማ አጠገብ ቤት ተከራየ። ሊጽፍ ያሰበው ስለ ናፖሊዮን ዘመነ መንግሥት ነበር። ያን ሁሉን ከፓሪስ የሚያዝ፣ ሹሙን እስከ መንደር የሚያወርድ አስተዳደር ናፖሊዮን እንዴት አድርጎ ገነባው የሚለው ነው የከነከነው። ቱር ውስጥ ደግሞ የድሮው የንጉሥ እንደራሴ፣ «ኢንተንዳንት» የሚሉት ሹም፣ መዝገብ ቤት አለ። መዝገቡን ያደራጀው ወጣቱ ሻርል ግራንሜዞን በሩን ከፈተለት። ቶክቪል ከናፖሊዮን ጥቂት ወደ ኋላ ሄዶ መነሻውን ለማየት ብሎ ገባ።

ያነበበው አዋጅና የጦርነት ዜና አልነበረም፤ ደብዳቤ ነው። የመንደር ሰዎች ለእንደራሴው፣ እንደራሴው ፓሪስ ላለው የገንዘብ ሹም፣ የገንዘብ ሹሙ መልሶ ለእንደራሴው። አንድ መንደር ነፋስ የገነጠለውን የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሊያስጠግን ይፈልጋል። ገንዘቡ የመንደሩ ነው፤ ጣሪያውም የመንደሩ ነው፤ ፈቃዱ ግን ያለው የንጉሡ ሸንጎ ዘንድ ነው። ማመልከቻው ይወጣል፣ ማብራሪያ ይጠየቅበታል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይወጣል። ፈቃዱ እስኪመጣ ዓመት ያልፋል፤ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት። እስከዚያ ዝናቡ ይገባል። ጉዳይ ለማስፈጸም ቢሮ የተመላለሰ አንባቢ ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል።

ቶክቪልን ያስደነገጠው የጣሪያው መፍሰስ አይደለም፤ ዘመኑ ነው። ደብዳቤዎቹ የተጻፉት ከአብዮቱ በፊት ነበር። ናፖሊዮን ገነባው፣ አብዮቱ ወለደው ሲባል የኖረው ማዕከላዊ አስተዳደር ቀድሞውኑ እዚያው ነበር፤ ቅጹ፣ የስታቲስቲክስ ሠንጠረዡ፣ የጸሐፊዎቹ አነጋገር ሳይቀር። አብዮተኞቹ ያፈረሱ የመሰላቸውን ቤት ውስጡን ወርሰውታል ማለት ነው። መጽሐፉ አቅጣጫውን ቀየረ። ናፖሊዮን ቀረና የጥናቱ ጥያቄ፣ ያ አሮጌ ሥርዓት ምን ነበር፣ ስለምንስ በዚያች ሰዓት ወደቀ የሚለው ሆነ።

ከዚህ በኋላ ነው እውነተኛው ግኝት የመጣው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው መልስ ነበር፤ ገበሬው ተራበ፣ ተረገጠ፣ ግፉ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ተነሳ። ቶክቪል የመሬት መዝገብ አስወጥቶ ቆጠረ። ከአብዮቱ በፊት ብዙው የፈረንሳይ ገበሬ የራሱ ቁራሽ መሬት ነበረው። በሉዊ 16ኛ ዘመን ንግዱም ምርቱም ከፍ ብሏል፤ ሹማምንቱ ከአባቶቻቸው ይልቅ ለዘብ ያሉ፣ ስለ ድኻው የሚጨነቁ ነበሩ። ታዲያ ለምን ያን ጊዜ?

ካርታውን ሲያይ ነገሩ ባሰ። ኑሮ ይበልጥ የተሻሻለው በፓሪስ ዙሪያ ነበር፤ የአብዮቱ እሳት የነደደውም እዚያው ነው። አሮጌው ሥርዓት ሳይነካ የቆየው በምዕራብ፣ በሎዋር ወንዝ መውጫና በብሪታኒ በኩል ነበር፤ የዚያ አገር ገበሬ ደግሞ የተነሳው ለአብዮቱ ሳይሆን በአብዮቱ ላይ ነው። ነገሩን ለማጣራት በ1854 ጀርመን ድረስ ሄደ። እዚያ በብዙ ስፍራ ጭሰኝነቱ ከፈረንሳይ የከፋ ሆኖ ቆይቷል፤ አብዮት ግን አልፈነዳም።

ቶክቪል የደረሰበት መደምደሚያ ይህ ነው። ሰው አይነሳም ብሎ የቆረጠለትን ቀንበር ታግሶ ይሸከማል። ቀንበሩ ላላ ሲል፣ ሊወልቅ እንደሚችልም ሲያይ፣ የቀረችው ጥቂቷ ከበፊቱ ሁሉ ታንገበግበዋለች። መሬት የሌለው ሰው ለጌታው የሚከፍለውን ግብር እንደ ዕጣ ፈንታው ይቆጥረዋል፤ ባለ መሬቱ ግን በገዛ እርሻው ላይ ሌላ ሰው ሲያስከፍለው ደሙ ይፈላል። መንግሥቱም በራሱ አፍ ነገሩን አባባሰው። በ1776 የንጉሡ ሚኒስትር ቱርጎ ገበሬው ያለ ክፍያ መንገድ የሚሠራበትን ግዴታ ሲያስቀር፣ አዋጁ ላይ መንገዱ የሚጠቅመው ባለ ርስቱን ሆኖ ሳለ የሚደክመው ድኻው እንደሆነ በግልጽ ጻፈ። ለጥቂት ጊዜ ቀረ፤ ቱርጎ ሲወድቅ ግዴታው ተመለሰ። የተጻፈው ግን ተነቧል። ለክፉ መንግሥት እጅግ አደገኛዋ ሰዓት ራሱን ማሻሻል የጀመረባት ሰዓት ናት፤ ቶክቪል በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያኖረው ሐሳብ ይህ ነው። ሁለተኛውን ቅጽ ሳይጨርስ በ1859 ሞተ።

በነገራችን ላይ ይህ ሐሳብ ለገዢዎች እንደ መልካም ሰበብ አገልግሏል፤ ማሻሻል አደገኛ ከሆነ አለመንካት ይሻላል ለማለት። ቶክቪል ግን እንዲህ አላለም። እሱ ያሳየው ለረጅም ዘመን ሳይነካ የቆየ ነገር በኋላ በቀስታ ሊነካ እንደማይችል ነው።

ቀጣዩ ምዕራፍ አስቂኝም አሳዛኝም ነው፤ ካርታው ተጓዦቹ እጅ ገባ። የ1917 የሩሲያ አብዮተኞች የፈረንሳይን አብዮት እንደ ዳዊት ደግመውታል። ሁሉም የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር፤ ቦናፓርት ከየት ይመጣ ይሆን? በ1917 የክረምት ወራት ጠቅላይ ሚኒስትር ኬሬንስኪ ጄኔራል ኮርኒሎቭን ጠረጠረ፤ ኮርኒሎቭን ለማስቆም ሲል ለሌኒን ፓርቲ ለቦልሼቪኮች መንገድ ከፈተ፤ በሁለት ወር ውስጥ በእነሱው ተገለበጠ። ሌኒን በ1924 ሲሞት ደግሞ የፓርቲው ሰዎች የጦር ኮሚሳሩን ትሮትስኪን በዓይነ ቁራኛ ያዙት። ጦር የሚያዝ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ዝነኛ፤ ቦናፓርት ከሆነ እሱ ነው። ቢሮ ተቀምጦ የሹመት ወረቀት የሚፈርመውን ጸሐፊ ስታሊንን የፈራው ጥቂት ነው። መንገዱን ማወቅ ከመንገዱ አላዳናቸውም፤ እንዲያውም ዓይናቸውን ወደ ተሳሳተው ሰው መራው።

ቁርጥራጩን ሰብስቦ አንድ ወጥ ሥዕል ያደረገው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ መምህር ክሬን ብሪንተን ነው። በርግጥ ሊፎርድ ኤድዋርድስ የተባለ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1927 ቀድሞት ተመሳሳይ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ የታወቀው ግን ብሪንተን ነው። እሱም የጀመረው ከመዝገብ ነው። በ1930 ስለ ፈረንሳይ ያኮቢኖች ባሳተመው ጥናት የክበቦቻቸውን የአባላት ዝርዝር ከግብር መዝገብ ጋር አመሳከረ። እነዚያ አገር ያንቀጠቀጡ አክራሪዎች የከተማ ወሮበሎች ወይም ምንም የሌላቸው ድኾች ሆነው አልተገኙም። ነጋዴ፣ ጠበቃ፣ ባለ ሱቅ፣ ሹመኛ፤ ከጎረቤታቸው ይልቅ የሚበልጥ ግብር የሚከፍሉ፣ ደኅና ኑሮ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ቶክቪል በመንደር ያየውን ብሪንተን በከተማ አየው።

ከዚያ አራት አብዮት ጎን ለጎን አኖረ፤ የእንግሊዝን፣ የአሜሪካን፣ የፈረንሳይን፣ የሩሲያን። በ1938 የታተመው መጽሐፉ ሕመም በሚመረምር ሐኪም አነጋገር ነው የተጻፈው። በዚያ ዘመን ሃርቫርድ ውስጥ ሎውረንስ ሄንደርሰን የተባለ የፊዚዮሎጂ ሊቅ በሚመራው የጥናት ክበብ ይሳተፍ ነበርና አነጋገሩን ከዚያ ሳይወስድ አልቀረም። አብዮት ትኩሳት ነው አለ። ምልክቱ ቀድሞ ይታያል፣ ይነሳል፣ ይቃዣል፣ ይበርዳል፣ አንዳንዴም ያገረሻል። ሲያበቃ አካሉ ይበልጥ ጠንክሮ ሊነሳ ስለሚችል ትኩሳት ማለቱ ስድብ አይደለም ሲል አስጠነቀቀ።

ከምልክቶቹ ሁለቱን ልጥቀስ። አንደኛው ባዶ ካዝና ነው፤ ባዶ አገር ሳይሆን ባዶ ካዝና። ቻርልስ 1ኛ 11 ዓመት ሙሉ ፓርላማ ሳይጠራ ገዝቶ በ1640 የጠራው ለስኮትላንድ ጦርነት ገንዘብ ስላጣ ነው። ሉዊ 16ኛ ከ1614 ወዲህ ተሰብስቦ የማያውቀውን ጉባኤ በ1789 የጠራው ዕዳ ስላነቀው ነው። ሁለተኛው ምልክት ገዢዎቹ በራሳቸው ማፈር መጀመራቸው ነው። የተማሩት ልጆቻቸው የአባቶቻቸውን ሥርዓት አምነውበት ሊከራከሩለት ያቅታቸዋል።

የብሪንተን ትልቁ ሐሳብ ግን የሚመጣው ከድሉ ማግስት ነው። አሮጌው መንግሥት ሲወድቅ ቢሮውን የሚረከቡት ለዘብተኞች ናቸው። ከቢሮው ጋር ባዶውን ካዝና፣ ጦርነቱንና ሮሮውን ይረከባሉ። ጉልበቱ ግን ከእነሱ ጋር አይገባም፤ ውጪ ይቀራል። እንግሊዝ ውስጥ ጦሩ ጋር፣ ፓሪስ ውስጥ ክበቦቹና የከተማው ኮምዩን ጋር፣ ፔትሮግራድ ውስጥ ሶቪየት የተባሉት የሠራተኞችና የወታደሮች ምክር ቤቶች ጋር። አንዱ ይፈርማል፣ ሌላው ያዝዛል። ለዘብተኛው ጉልበት ልጠቀም ቢል ከሃዲ ይባላል፤ ልታገሥ ቢል ደካማ። እንዲህ ያለው መንታ ሥልጣን የትም አገር ብዙ አልቆየም።

ብሪንተን ስለ ኢትዮጵያ አልጻፈም፤ በ1968 ሞቷል። የእኛው የመጣው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። መጽሐፉን አጠገቡ አድርጎ የእኛን 1966 የሚያነብ ሰው ግን ጀርባው ላይ ቀዝቃዛ ነገር ይሰማዋል።

ወሎ ውስጥ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። አብዮቱን የጀመረው ግን የወሎ ረሃብተኛ አይደለም። ጥር 4 ቀን ነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር ምግቡ ተበላሽቶበት፣ የውኃ ፓምፑ ተሰብሮበት፣ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናካፍልም ሲሉት አመፀ። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተናል ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ወታደሩ ይዞ ከሚበላው አበላቸው። ቅጣት አልመጣም፤ የመጣው ተስፋ ነው። ወሬው በጦር ሠራዊቱ የሬዲዮ ሠራተኞች በኩል ከክፍል ወደ ክፍል ዞረ። የካቲት 11 የቤንዚን ዋጋ ያስመረራቸው የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችና በትምህርት ማሻሻያው የተቆጡ መምህራን ሥራ አቆሙ። መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሰ። የወታደር ደመወዝ ጨመረ፤ ሌላው ክፍል ሲነሳ እንደገና ጨመረ። እያንዳንዱ ጭማሪ ለቀጣዩ ጠያቂ ጥሪ ነበር። ቶክቪል ቢያይ አይደነቅም። የተነሱትም ቢሆኑ የዙፋኑ ትምህርት ቤቶች፣ የዙፋኑ አየር ኃይል፣ ንጉሠ ነገሥቱ የገዛ ቤተ መንግሥታቸውን የሰጡት ዩኒቨርሲቲ ያፈራቸው ናቸው።

የካቲት 21 ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ኦክስፎርድ የተማሩ፣ የመኳንንት ልጅ፣ ጥገናዊ ለውጥ አመጣለሁ የሚሉ፤ ብሪንተን ለዘብተኛ ያለው ሰው በልክ የተሰፋላቸው ይመስላል። ካቢኔያቸው ፋታ እንዲሰጠው ጠየቀ። ፋታ የሰጠው የለም። ሰኔ 21 አራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ውስጥ የወታደሮቹ ኮሚቴ ደርግ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ከተማ ሁለት መንግሥት ነበር። ካቢኔው ሕገ መንግሥት ያረቅቃል፤ ደርግ በሬዲዮ ስም እያስጠራ ሹማምንቱን እጅ ያሰጣል። ሐምሌ 15 ልጅ እንዳልካቸው ለልጅ ሚካኤል እምሩ ለቀቁ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። መፈክሩ ያለ ምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም ነበር። ኅዳር 14 ሌሊት 60 ሰዎች ሲገደሉ፣ ከመካከላቸው ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ነበሩበት፤ የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶምም በዚያው ሌሊት ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። ከየካቲት እስከ ኅዳር ዘጠኝ ወር ነው።

ከዚያ በኋላ ሥዕሉ ይጣመማል፤ የእኔን ትኩረት የሚስበውም እዚህ ላይ ነው። በፓሪስ አክራሪዎቹ የተደራጁ ክበበኞች ነበሩ፤ ብርቱው ጄኔራል የመጣው ሽብሩ ካበቃ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። እኛ ጋ ብርቱው ሰው ከሽብሩ በፊት መጣ። ጥር 26 ቀን 1969 የደርጉ ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ተገድለው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ብቻቸውን ወጡ። ሚያዝያ ውስጥ በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ከሕዝብ ፊት ከሰከሱ። ደርግን የሚቃወመውን ኢሕአፓን ለማጥፋት ሌላው የግራ ፓርቲ መኢሶን በሂሳዊ ድጋፉ አገዘ፤ ወዲያው ተራው የመኢሶን ሆነ። ቀይ ሽብር የሚለው ስም ራሱ ከ1918ቱ ሩሲያ የተዋሰ ነው። የእኛዎቹም እንደ ቦልሼቪኮቹ ካርታውን ያነበቡ ነበሩ፤ ማን እንደ ሩሲያ ለዘብተኞች ሜንሼቪክ እንደሆነ በበራሪ ወረቀት ተከራክረዋል። ካርታው ላይ ያልነበረው የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቦታ ነው። የሽብሩ ማብረድም የሥርዓቱ ማብረድ አልሆነም፤ ያው ሰው እስከ ግንቦት 1983 ገዙ።

ምሁራኑ ከብሪንተን ወዲህ ብዙ ተጨቃጭቀዋል። ጄምስ ዴቪስ በ1962 ቶክቪልን አረመው፤ አብዮት የሚፈነዳው ኑሮ ለዓመታት ሲሻሻል ቆይቶ ድንገት ሲያሽቆለቁል ነው አለ። ቴዳ ስኮችፖል በ1979 የሰው ልብ ተውትና መንግሥታት በጦርነትና በዕዳ እንዴት እንደሚሰበሩ እዩ አለች። መጽሐፏ በወጣበት ዓመት የኢራን ሻህ፣ ጦሩ በጦርነት ሳይሸነፍ፣ ነዳጁ ሳይነጥፍ ወደቀና እንደገና ማሰብ ግድ ሆነባት። ጃክ ጎልድስቶን የሕዝብ ብዛትን፣ የዋጋ ንረትንና ለሹመት የሚሻኮቱ የተማሩ ልጆችን መበራከት ቆጠረ። ሌኒን ዙሪክ ላይ ለምን እንዳላየ ደግሞ ቲሙር ኩራን መልስ ሰጠ። ሰው በአምባገነን አገር የልቡን ስለማይናገር፣ ጎረቤቱ ምን ያህል እንደተንገፈገፈ ማንም አያውቅም፤ ጥቂቶች ሲወጡ ነው ሁሉም ብቻውን እንዳልነበረ የሚረዳው።

ኢራን ለብሪንተን ታዝዛለች። ለዘብተኛው ባዛርጋን ቢሮውን ያዘ፤ ጉልበቱ አብዮታዊ ኮሚቴዎቹ ጋር ነበር፤ በኖቬምበር 1979 ለቀቀ። አሜሪካ ግን አትታዘዝም፤ ብሪንተን ራሱ አምኗል፤ እንደ ሌሎቹ ያለ ሽብር አልመጣባትም። ፖላንድም በ1989 አልታዘዘችም። ጦሩን የያዙትና ሕዝቡን የያዙት ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ተደራደሩ፤ በዓመቱ መጨረሻ መንግሥቱ ተለውጦ የሽብር ዘመን አልተከተለም።

እነዚህን ሳስተያይ ልዩነቱ ሁለት ቦታ ላይ ይታየኛል። አንደኛው መንታው ሥልጣን ነው። የአሜሪካ አማፂዎች ከእንግሊዝ ጋር ከመጋጨታቸው በፊት የራሳቸውን ጉባኤ አቋቁመው ስለነበር፣ ድሉ ሲመጣ ቢሮውም ጉልበቱም በአንድ እጅ ገባ። ፖላንዶች ሁለቱን በድርድር አገናኟቸው። ሁለተኛው ጦርነት ነው። ፈረንሳይ በ1792 ጦርነት ከገባች በኋላ ነው ሽብር የነገሠባት፤ የሩሲያው በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል ነው፤ የኢራኑ የከፋ ግድያ የመጣው ኢራቅ ከወረረቻት በኋላ ነው፤ ቀይ ሽብር ከሁሉ የከፋበት ጊዜም የሶማሊያ ጦር በሐምሌ 1969 ከገባ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ጦርነት ብቻውን አይበቃም፤ አሜሪካም ተዋግታለች። ሥልጣኑ መንታ ሆኖ ሳለ ጦርነት ሲጨመርበት ግን ጎረቤት ጎረቤቱን ለጠላት አደረ ብሎ ማመን ይቀለዋል። ስለዚህ አብዮት ልጆቿን ትበላለች ማለት ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የምትበላው በታወቀ ሁኔታ ውስጥ ነው።

ስለ ራሳችን ይህን በእርግጠኝነት ለመናገር የሚጎድለን አለ። ስለ 1966 አብዮት የምናነበው በአብዛኛው የተዋናዮቹን ትዝታ ነው። ክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ»ን፣ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን፣ ፍሥሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ»ን፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን»ን ጽፈዋል። ጥሩ ነው፤ ግን ትዝታ ጸሐፊ ሁሉ ጠበቃ ነው፣ የሚከራከረውም ለራሱ ነው። የአውራጃ ገዢው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ምን ብሎ ጻፈ? የጭሰኛው አቤቱታ የት ደርሶ ተመለሰ? መልሱ ስንት ዓመት ፈጀ? ኑሮ የተሻለው የት ነበር፣ የት ነው ያመፀው? ጥቂት የታሪክ ምሁራን ጀምረውታል። የአያቶቻችሁ ደብዳቤ፣ የአቤቱታ ግልባጭ፣ የግብር ደረሰኝ በሳጥን ውስጥ ያላችሁ፣ አትጣሉት፤ አዲስ አበባም ሁኑ ዋሽንግተን፣ ለሚመረምረው ሰው አሳዩት። የመዝገብ ቤት ኃላፊዎችም፣ ተማሪ መጥቶ ሲያንኳኳ በሩን ክፈቱለት።